ነይ ወደ ቤትሽ

መጀመሪያ የመጣው የከበሮው ድምፅ ነበር። መስኮቱ ገና አልተከፈተም፤ ክፍሉ ውስጥ ጨለማው እንደ ኩሬ ውሃ ረግቶ ተኝቷል። ከበሮው ግን በመዝጊያው ስንጥቅ ሾልኮ ገብቶ የአልጋውን እግር፣ የብርጭቆውን ውሃ፣ የኒሃርባላን ጥርስ ሳይቀር ነዘረው። ቆይቶ በላዩ ላይ የሰው ድምፅ ተደረበበት።

“ሃሎ... ሃሎ... ይሰማል? አንድ፣ ሁለት... ይሰማል ወይ?”

የልጇ የባቡን ድምፅ ነው። በየምሰሶው የታሰሩት ድምፅ ማጉያዎች ከአፉ እየተቀባበሉ ሰፈሩን በሙሉ “ይሰማል ወይ?” ሲሉ ጠየቁ።

“የሞተም ሰምቷል” አለች ኒሃርባላ፣ በጨለማ ከአዲሱ ሳሪዋ ጋር የጀመረችውን ትግል ሳታቆም። ጨርቁ ገና ከሱቅ የወጣ ስለሆነ እንደ ካርቶን ደርቆ አልታጠፍ ብሏታል። በአንድ በኩል ስትሰበስበው በሌላ በኩል ያመልጣታል።

ምራቷ ሪንኩ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች፤ ሄዳ አረንጓዴውን መዝጊያ ከፈተች። የጠዋት ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘረጋች።

“እማማ፣ ምነው ሳይጠሩኝ? ይቁሙ፣ እኔ ላልብስዎት።”

ኒሃርባላ ቀጥ ብላ ቆመችላት። ሰባዎቹን አጋምሳለች፤ ጉልበቷ ደረጃ ሲወጣ ያጉረመርማል እንጂ ወገቧ አልጎበጠም። ሪንኩ ተንበርክካ የሳሪውን እጥፋት በጣቶቿ እየለካች ትደራርብ ጀመር። በብርሃን ሲታይ ሳሪው ነጭ ነው። ነጭ ብቻ። የጣት ወርድ የምታክል ጥለት እንኳ የለውም።

“እውነት ባቡን ራሱ ነው የመረጠው?”

“ራሱ ነው ያመጣው።”

“በዕድሜው ጨርቅ መርጦ አያውቅም እኮ። ለሠርጋችሁ ካልሲውን እንኳ የመረጥኩለት እኔ ነኝ።” ኒሃርባላ እጇን በጨርቁ ላይ አስኬደችው። “ትንሽ ነጣ እንጂ። ባል ከሞተብኝ ስንት ዘመኔ፣ አሁን ነው እንዴ የመበለት ልብስ የሚያስታውሰኝ? ይሁን። በበዓል አዲስ ልብስ ያለበሰ ልጅ ስንት አለ።”

ሪንኩ መርፌ ቁልፏን በከንፈሮቿ መሃል ይዛ ነበር። መርፌ በአፉ የያዘ ሰው መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። ጨርሳ ስትነሳም የአማቷን ዓይን ሳታይ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።

ኒሃርባላ ወደ መስኮቱ ሄደች። ከቤቷ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የሰፈሩ ክለብ የተከለው ዳስ ቆሟል። ባቡን የክለቡ ጸሐፊ ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ምግቡንም እንቅልፉንም እዚያው ነው የጨረሰው። በመግቢያው ላይ የዘንድሮው ጭብጥ በትልልቁ ተጽፏል፤ “ነይ ወደ ቤትሽ”። አሥር እጅ ያላት አምላክ፣ በየዳሱ ምስሏ የሚቆምላት እናት ዱርጋ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ልጆቿን አስከትላ ወደ አባቷ ቤት ትመጣለችና፣ ኒሃርባላ ስሙን ባየችው ቁጥር “ደግ ስም አወጣ” ትል ነበር። ውስጡን ግን አላየችውም። ባቡን “ቆይ፣ በበዓሉ ሰባተኛ ቀን፣ የዳስ ውድድሩ ዳኞች ሲመጡ እኔ ራሴ አስገባሻለሁ፤ አሁን ካየሽው ይበላሻል” ብሎ ከልክሏታል።

ያ ቀን ዛሬ ነው፤ ዳኞቹ እስኪመጡ ድረስ ደግሞ ከተማውን እንድትዞር አውቶቡስ አዘጋጅቶላታል። “ለአረጋውያን የተዘጋጀ ነው፤ በቀን፣ ሕዝቡ ሳይበዛ ዳሶቹን አይታችሁ አመሻሽ ላይ እኛው ጋ ትጨርሳላችሁ” ብሏታል። ኒሃርባላ ዳስ ለዳስ ከዞረች ዘመን የለውም። ባሏ አናዲ በሕይወት ሳለ ጫማቸው እስኪበጠስ ነበር የሚዞሩት። ኮልካታ በዚህ ሰሞን ቤቷን ትታ ዳስ ውስጥ የምታድር ከተማ ናት፤ በመስኮት ብቻ አይተው የሚጠግቧት አይደለችም።

አውቶቡሱን መንገዱ ጥግ ላይ ቆሞ አገኘችው። በጎኑ ላይ “የሰላም ጎጆ” የሚል ተጽፎበታል። የአስጎብኚዎች ድርጅት መሰላት። አንዲት ሚታ የምትባል ለስላሳ ወጣት ክንዷን ይዛ ደረጃውን አወጣቻት።

ገብታ ቀና ስትል ደመና ውስጥ የገባች መሰላት። በግራም በቀኝም፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ ነጭ የለበሱ አሮጊቶች ተደርድረዋል። ያው ጨርቅ። ያው ጥለት የለሽ ነጭ። ሳሪው አሁንም እንደ ካርቶን ደርቆ በየትከሻቸው ቆሟል። ኒሃርባላ የራሷን ልብስ ቁልቁል አየች፤ ደግማም እነሱን አየች። በሕይወቱ ጨርቅ መርጦ የማያውቀው ልጅ አሁንም አልመረጠም፤ በጅምላ ነው የገዛው።

“ነይ እቴ፣ እዚህ አረፍ በይ” አለቻት አንዷ፣ እግሯ ያበጠና አፏ በቅጠል ማኘክ የቀላ ወፍራም ሴት። “ፑቱል እባላለሁ። አሻንጉሊት ማለት ነው፤ ስሙን ሲያወጡልኝ ቀጭን ነበርኩ። አንቺ አዲሷ ነሽ አይደል?”

“የምን አዲሷ?”

“ከጎኔ የምትተኚው ነዋ! እኔ በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ ብለምን ብለምን ‘ለጸሐፊው እናት ተይዟል’ አሉኝ። ከዚህ በዓል ቀጥሎ ካለው ከላክሽሚ በዓል በኋላ ትመጣለች ብለውን እኮ ግድግዳውን ቀለም ሁሉ ቀብተውልሻል። ሮዝ። ምን ዓይነት ሮዝ መሰለሽ፣ የልጅ ብስኩት የመሰለ።”

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ኒሃርባላ ከፊቷ ያለውን የወንበር ብረት ጨበጠች። ከውጭ ከበሮው ይመታል፤ ሰው ይስቃል።

“የሰላም ጎጆ ምንድን ነው?” አለች።

የፑቱል ፊት ላይ ያለው ሳቅ ቀስ እያለ ወረደ። “ውይ” አለች። “ውይ እናቴ። አልነገሩሽም?”

ሚታ ሰምታ ስለነበር ወንበር ወንበሩን እየያዘች መጣች። አንገቷ ድረስ ቀልታለች። “ማሺማ” አለቻት፣ አክስቴ እንደማለት፤ “ያውቃሉ ብዬ ነው... ልጅዎ የአረጋውያን ማረፊያችንን ሁለት ጊዜ መጥተው አይተውታል። በጣም ጥሩ ሰው ናቸው። ብዙ ሰው ስለ ምግቡ ነው የሚጠይቀው፤ እሳቸው ግን የጠየቁት መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው ወይ ብለው ነው። እናቴ የጠዋት ፀሐይ ትወዳለች አሉ።”

“ፀሐይ እንደምወድ ያውቃል” አለች ኒሃርባላ። 

ብትጮህ ይቀላት ነበር። ጩኸቱ ግን እንደ ሳሪው ደርቆ አልታጠፍ፣ አልወጣም አለ። ባለፈው ክረምት አንድ ሕንጻ አልሚ ከባቡን ጋር ሳሎን ውስጥ ሻይ ሲጠጣና ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ትዝ አላት። “ጓደኛዬ ነው” ነበር ያላት። ጓደኛ ጣሪያ ምን ያደርግለታል ብላ ያን ጊዜ ማሰብ ነበረባት። ቤቱ እኮ የእሷ ነው። አናዲ በፖስታ ቤት ደመወዙ ፎቁን ሲያሠራ “ነገ እኔ ብሞት ማንም ተነሺ እንዳይልሽ” ብሎ በእሷ ስም ያስጻፈው።

የመጀመሪያው ዳስ ከተሰባበሩ ጃንጥላዎች የተሠራ ነበር። ጣሪያው ጃንጥላ፣ ግድግዳው ጃንጥላ፣ መብራቱ በጥቁሩ ጨርቅ ቀዳዳ እየሾለከ እንደ ካፊያ የሚወርድ። የሆነ ቦታ የተደበቀ ሰው ምስር በወንፊት እየነፋ የዝናብ ድምፅ ያሰማል። እናቲቱ መሃል ላይ አንበሳዋን ተደግፋ ቆማለች።

“አየሽ ጉዷን” አለች ፑቱል አንገቷን ቀና አድርጋ፤ “አሥር እጅ አላት፣ አንዱም ጃንጥላ አልያዘም።”

ኒሃርባላ ሳቅ አመለጣት። መሳቋ ራሷን አስደነገጣት፤ ከዚያ አናደዳት። ከአውቶቡሱ ወርዳ ታክሲ ይዛ ብትመለስስ? ተመልሳ ምን ልትል? መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ልትዘጋ? አይሆንም። የመጨረሻ ዙረቷ ይሁን ብሎ ልኳት ከሆነ፣ ሙሉውን ታያለች። አንድም አታስቀርለትም።

“አንቺን ማን አመጣሽ?” አለቻት ፑቱልን፣ እየተያያዙ ሲወጡ።

“ልጄ። ለጉልበትሽ ሕክምና፣ ለሁለት ሳምንት ብላ። አሁን ጉልበቴ ዳነ፣ እሷ ታመመች መሰለኝ፤ መንገዱ ጠፋባት።” ፑቱል ቅጠሏን በጉንጯ አዛወረች። “ክፉ አይደለችም። ሁሉም ክፉ አይደሉም፤ አንድ ክፉ ብታገኚ እንኳ ትረግሚው ነበር። የእኔ ስህተት እሺ ማለቴ ነው። ሻንጣዬን ስታዘጋጅ ቁጭ ብዬ እሺ አልኩ። አንዴ እሺ ካልሽ በኋላ እምቢ ለማለት ሌላ አፍ ያስፈልጋል፤ ሌላ አፍ ደግሞ የለኝም፤ ያለኝም ቅጠል ያኝካል።”

ሁለተኛው ዳስ ወንዝ የበላው መንደር ነበር። ግማሹ በውሃ የተዋጠ የጭቃ ቤት፣ የተገለበጠ ጀልባ፣ በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ የልጅ ጫማ። እናቲቱ ከልጆቿ ጋር ከሙዝ ግንድ በተሠራ ታንኳ ላይ ተቀምጣለች፤ እሷም የተፈናቀለች ትመስላለች። ከአሮጊቶቹ አንዷ፣ ቀኑን ሙሉ ቃል ያልተነፈሰች ቀጭን ሴት፣ እጇን ዘርግታ የጭቃውን ግድግዳ ዳሰሰች። አስተናባሪው “ወደፊት! ወደፊት! አትንኩ፣ አትቁሙ!” እያለ በፉጨት አዋከባቸው።

በመውጫው ላይ ፎቶ የሚያነሱ ወጣቶች ከበቧቸው።

“አያቶች፣ እዚህ ጋ፣ በጀልባው አጠገብ! ነጩ ልብስ ከውሃው ጋር እንዴት ያምራል! ትንሽ ዘንበል በሉ... ያዘናችሁ ምሰሉ።”

“ማን ነን ብለሽ ነው?” አለች ኒሃርባላ ፊት ለፊት ያለችውን ልጅ።

“የዳሱ አካል አይደላችሁም እንዴ?”

“አይደለንም። ተመልካች ነን። እንደ አንቺው ለማየት ነው የመጣነው።”

“ይቅርታ ማሺማ፣ ልብሳችሁ አንድ ዓይነት ስለሆነ...”

“እሱን ልጄን ጠይቂው” አለችና አልፋት ሄደች። ፑቱል ከኋላ “ያዘነ ሰው ከፈለግሽ ግን ሾፌራችን አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሻይ አልጠጣም” ስትላት ተሰማ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሚታ ከትልቅ ዕቃ ውስጥ ሩዝና ምስር የተቀቀለበት ገንፎ መሰል ምግብ እያወጣች አደለች። ዓሣ የሌለበት፣ ሽንኩርት የሌለበት፣ የመበለት ምግብ፤ ባሏ የሞተባት ዓሣ አትነካም ይባላል። ኒሃርባላ ሣህኗን ተቀብላ ጥቂት አየችውና ወንበሯ ላይ አስቀምጣው ወረደች። ከመንገዱ ማዶ በትልቅ ብረት ድስት ዘይት የሚያንተከትክ ሰውዬ አለ፤ የሰናፍጩ ሽታ እስከ አውቶቡሱ ይደርሳል።

“አንድ የዓሣ ጥብስ” አለችው።

ሰውዬው ነጩን ሳሪዋን ከላይ እስከ ታች አየ። “ማሺማ፣ ይሄ ዓሣ ነው እኮ። የአትክልት አለኝ፤ በሌላ ዘይት የተጠበሰ።”

“ዓሣ መሆኑን ስላወቅሁ ነው የጠየቅሁህ።”

“እንዲያው... ሰው እንዳይቀየመኝ ብዬ ነው።”

“ሁለት አድርገው!” አለች ፑቱል እያነከሰች ስትደርስ። “ባሏ ነው እንጂ የሞተው፣ ዓሣው ምን አጠፋ! የእኔንም ትልቁን ስጠኝ፤ የኔ ባል ሲሞት ራሱ ዓሣ እየበላ ነበር።”

ሰውዬው እየሳቀ አወጣላቸው። አናዲ የሞተ ዕለት አማቷ የዓሣ መክተፊያውን ከወጥ ቤት አውጥታ ለጎረቤት ሰጥታባት ነበር። ማንም አልጠየቃት፤ እሷም እሺ አለች። አሁን ትኩሱን ዓሣ በጣቶቿ ገንጥላ ሰናፍጩ ውስጥ ነክራ ጎረሰችው። ሰናፍጩ አፍንጫዋ ድረስ ወጣ፤ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ፤ የዚህኛው እንባ ምክንያት ደግሞ ለማንም ግልጽ ነበር።

“እንዴት ነው?” አለች ፑቱል።

“አጥንት አለው።”

“ነገር ሁሉ አጥንት አለው እቴ።”

ኒሃርባላ በልታ ጨረሰች። ሰውዬው ወረቀት ሊሰጣት እጁን ሲዘረጋ አላየችውም፤ ወይም አይታ ተወችው። ቢጫ የሆኑትን አምስት ጣቶቿን በዚያ እንከን በሌለው ነጭ ሳሪ ፊት ለፊት፣ ከጉልበቷ ከፍ ብሎ፣ ረጋ ብላ ጠረገች። አንዴ፤ ከዚያ አገላብጣ።

ፑቱል ማኘኳን አቆመች። አየቻት። ከዚያ የራሷን እጅ አየችና እሷም ጠረገች።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል አውቶቡሱ ወደ ኒሃርባላ ሰፈር ተመለሰ። ሕዝቡ በገመድ ተከልሎ ተሰልፏል። አስተናባሪዎች አሮጊቶቹን በጓሮ በር አስገቧቸው፤ ኒሃርባላ ለመጀመሪያ ጊዜ የልጇን ዳስ ውስጡን አየች።

ውብ ነበር። ይህን መካድ አልቻለችም። ጣሪያው በሙሉ ከተንጠለጠሉ ምርኩዞች የተሠራ ነው፤ በምርኩዞቹ መሃል አሮጌ መነጽሮች እንደ ከዋክብት ይብለጨለጫሉ፤ ነፋስ ሲነካቸው ይንሿሿሉ። መሃል ላይ የቆመችው እናት ዱርጋ አርጅታለች። ፀጉሯ ነጭቷል፤ አሥሩ እጆቿ ባዶ ናቸው። አራቱ ልጆቿ ጀርባቸውን ሰጥተዋት በየአቅጣጫው ይሄዳሉ። አንበሳው ብቻ እግሯ ሥር ተኝቷል። በዙሪያዋ ደግሞ የአንድ ትልቅ አሮጌ ቤት ግድግዳ ተሠርቷል፤ በየመስኮቱም ውስጥ አንድ አንድ ባዶ ወንበር።

ኒሃርባላ ወደ መስኮቶቹ ቀረበች። አረንጓዴ ናቸው። የእሷ አረንጓዴ፤ አናዲ ከሁለት ቆርቆሮ ቀለም ያዋሃደው፣ በየትኛውም ሱቅ የማይገኘው። በሦስተኛው መስኮት ላይ ከታች ወደ ላይ ሁለተኛዋ ስንጥር ተሰብራለች፤ ባቡን በልጅነቱ በኳስ እንደሰበራት። ያቺን እንኳ አልረሳም። ቤቱን ከነስብራቱ በልቡ ይዞታል። ይዞታልና ሊያፈርሰው ነው።

“እማ! መጣሽ!” ባቡን የሐር ኩርታ ሸሚዙን ለብሶ፣ ማይክ በእጁ፣ በላብ ርሶ ሮጦ መጣ። ጉልበቷን ነክቶ ተሳለማት። “እንዴት ነበር? ደከመሽ? ዳኞቹ ጥጉ ላይ ደርሰዋል፤ ቶሎ... ምንድን ነው ይሄ?”

“ዓሣ።”

“ምን?”

“የዓሣ ጥብስ። በሰናፍጭ።”

“እማ!” ዙሪያውን አየ። “ይሁን፣ ይሁን፤ ጫፉን እንዲህ ብትጥይው አይታይም። ነይ፣ ያቺ መሃለኛዋ መስኮት ያንቺ ናት። ዳኞቹ መጀመሪያ የሚያዩት እሷን ነው። ለክብርሽ ብዬ ነው ለሌላ ያልሰጠሁት።”

“ባቡን፣ ግድግዳዬ ሮዝ ነው አሉ።”

ማይኩን በመዳፉ ሸፈነው። ፊቱ ላይ ብዙ ነገር መጣና ሄደ። ትልቅ ሰው ነው፤ ጺሙ ሸብቷል፤ በዚያች ቅጽበት ግን ኳሱን ከኋላው የደበቀ ልጅ መሰለ።

“ከበዓሉ በኋላ ልነግርሽ ነበር። በዓልሽን እንዳላበላሽብሽ ብዬ ነው።”

“በዓሌን ስላላበላሸህብኝ እናቲቱ ትክፈልህ።”

“እማ፣ ለዘለዓለም አይደለም እኮ! ሕንጻው እስኪያልቅ ብቻ ነው። ሲያልቅ አራተኛ ፎቅ ላይ ንጹሕ ቤት፣ ሊፍት ያለው። ያንቺ ጉልበት ይሄን ደረጃ እስከ መቼ...”

“ቤቱ በማን ስም ነው?”

“አሁን የስም ጊዜ ነው?”

“በማን ስም ነው?”

“ባንቺ።”

“ፈርሜልሃለሁ?”

“ስነግርሽ ትፈርሚያለሽ ብዬ ነው። መቼ እምቢ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?”

እውነቱን ነው። ኒሃርባላ ወደ ኋላ አስባ አንድም ጊዜ አጣች። ለአማቷ፣ ለባሏ፣ ለልጇ ያለቻቸው እሺዎች ከዚያ ጣሪያ ላይ እንዳሉት መነጽሮች ተንጠልጥለው ታዩዋት።

“እምቢ” አለች።

ድምፁ እንግዳ ሆነባት፤ ግን ከባድ አልነበረም። ምላስ ላይ ሲቀመጥ ቀላል ነው።

“እሺ፣ እሺ፤ በኋላ እንነጋገራለን” አለ ባቡን፣ የመኪና በር ሲዘጋ ሰምቶ። “አሁን ተቀመጪልኝ ብቻ። የሦስት ወር ልፋቴ ነው። የሰፈሩ ሁሉ ልፋት ነው። እማ፣ እባክሽ።”

ኒሃርባላ ሄዳ ተቀመጠች። ፑቱል በቀጣዩ መስኮት ሆና በጎን አየቻት፤ ዓይኗ “እንግዲህ አንቺም እሺ አልሽ” የሚል መሰለ። የቀሩትም በየወንበራቸው ሆኑ። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፤ መሃል ላይ ሁለት ቢጫ።

ዳኞቹ ገቡ። ሦስት ናቸው፤ ከፊት የምትመራቸው ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ትልቅ ቀይ ነጥብ ግንባሯ ላይ ያደረገች ሴት ናት። ባቡን በማይኩ መናገር ጀመረ። ስለ ተተዉ እናቶች ተናገረ። በየመስኮቱ ተቀምጠው የልጃቸውን እርምጃ ስለሚያዳምጡ፣ በበዓል ቀን ስልካቸው ስለማይጮህ እናቶች ተናገረ። ማልቀስም ጀመረ። የውሸት አልነበረም፤ ኒሃርባላ የልጇን ለቅሶ ከልጅነቱ ጀምራ ታውቀዋለች፤ ከልቡ ነበር የሚያለቅሰው። ተሰላፊው ሕዝብም በየሳሪው ጫፍ ዓይኑን ይጠርግ ጀመር። ይህ ነው ያስገረማት። ሰው እያለቀሰም ማየት ይሳነዋል ለካ።

ዳኛዋ ከመስኮት መስኮት እየተዘዋወረች መጥታ ኒሃርባላ ፊት ቆመች። ቢጫውን ነጠብጣብ አየች፤ የተሠራ ጌጥ መስሏት ለጓደኛዋ “ይሄን እዪው፣ እንዴት ያለ ዝርዝር ነው” አለቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ለታመመ ልጅ እንደሚወራው ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀች፤

“እማማ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?”

 ከላይ መነጽሮቹ ብቻ ይንሿሿሉ። ባቡን ማይኩን ደረቱ ላይ ይዞ እናቱን ያያታል፤ ፊቱ ወረቀት ሆኗል። አንዲት ቃል ብትወጣት ዋንጫውም፣ የሦስት ወሩ ልፋትም፣ በሰፈሩ መሃል ያለው ስሙም አብረው እንደሚወድቁ ሁለቱም ያውቃሉ። ቃሏም ምላሷ ላይ ነበረች።

ኒሃርባላ ከዳኛዋ ትከሻ በላይ ወደ መግቢያው ተመለከተች። ከመንገዱ ማዶ እውነተኛው ቤት ቆሟል። የምሽቱ ብርሃን ግድግዳው ላይ አርፏል። ሪንኩ ሰገነቱ ላይ ሆና የደረቀ ልብስ ትሰበስባለች፤ አንድ አንሶላ ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ዳሱ እያየች ቆማ ቀርታለች።

ኒሃርባላ ተነሳች። ወንበሩ ሥር ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አገኘችና አጠለቀች። ለዳኛዋ ራሷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳች። በመስኮቱ ጎን ባለው ጠባብ በር ወጥታ በሦስቱ ዳኞች መሃል አለፈች፤ በጀርባዋ በኩል ያረጀችውን እናት ዱርጋ ትታ፣ አስተናባሪው ሳያስበው ከፍ ባደረገላት ገመድ ሥር ጎንበስ ብላ ወደ መንገዱ ወጣች። ሕዝቡ የትዕይንቱ አካል መስሎት መንገድ ለቀቀላት፤ አንዳንዱም አጨበጨበ።

“እማ?” አለ ባቡን። ማይኩ ክፍት መሆኑን ረስቶታል። “እማ፣ የት ትሄጃለሽ?”

ድምፅ ማጉያዎቹ ከምሰሶ ምሰሶ ተቀባበሉት፤ በሻይ ቤቱ በር ላይ፣ በኳስ ሜዳው፣ እስከ ትራሙ ሐዲድ ድረስ “የት ትሄጃለሽ? የት ትሄጃለሽ?” ተባለ። ከበሮ መቺዎቹ ግራ ተጋብተው እጃቸውን አንጠለጠሉ።

ኒሃርባላ መንገዱን ተሻገረች። ከኋላዋ በመጀመሪያ የአንድ ምርኩዝ ኳኳታና የሚጎተት ጫማ ሰማች፤ “ቀስ በይ እንጂ ሴትዮ፣ እግሬ አብጧል!” የሚል ድምፅም አብሮ። ቀጥሎ ሌላ ጫማ። ከዚያ ሌላ። ስንት እንደሆኑ ለማየት አልዞረችም።

የግቢውን በር ገፍታ ገባች። ጉልበቷ እያጉረመረመ ወደ ደረጃው አመራች፤ በሩን ግን ሳትዘጋው ተወችው።